አብራሪውን አትመለስ ያልኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው በለውጡ ሰሞን፣ ጦርነቱ እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ዘንድ ሳይደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ጥለን እስከ መሰደድ ብዙ አይተናል። እኔን ግን እስካሁን አላስቀምጥ የሚለኝ ያ የአውሮፕላን ጉዞ ነው።

እናቴ ታማ ከዓረብ አገር ስመለስ፣ ማምሻውን አዲስ አበባ እንደገባሁ ማረፏን ሰማሁ። በእኛ ወግ ጀናዛ ብዙ አይቆይም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ያላየኋትን እናቴን በእጄ አፈር ሳላለብስ አይሆንም ብዬ ታላቅ ወንድሜን ሰይድን በስልክ ለመንኩት። ጠዋት ልሳፈር ስል እንደገና ደወልኩ። “አብሽር፣ ሳትመጣ አናወጣትም” አለኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ማረፊያው በጉም ተሸፍኗል። አውሮፕላኑ መዞር ጀመረ። በጉሙ መሃል ሐይቃችን ታየኝ፣ ሰፈራችን ሳይቀር። ሁለቴ ለማረፍ ሞክረን ሁለቴም ተመልሰን ወጣን። አብራሪው ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን ሲል ደሜ ፈላ።

ተነስቼ አስተናጋጇን “እናቴ ሳትቀበር እየጠበቀችኝ ነው፤ አንዴ ብቻ ይሞክርልኝ” አልኳት። ወሎዬ ደግሞ ቀብር ሲባል መቼ ዝም ይላል? ተሳፋሪው በሙሉ አገዘኝ። አጠገቤ የተቀመጡት የአምባሰሏ እትዬ አስካለ፣ ከሕክምና የሚመለሱ ትልቅ ሴት፣ እሳቸው ብቻ እጄን ይዘው “ተው ልጄ፣ ሰውየው የሚያውቀውን ያውቃል” አሉኝ። እጄን መንጭቄ አስለቀቅኩ።

ልጅቷ ገብታ ወጣችና አብራሪው ይሞክራል አለች። ሞከረ፣ አልሆነም። ጉሙ አሁን ይገፈፋል እያለ ደግሞ ብዙ አዞረን። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ዞረን ብዙም ሳንርቅ በመስኮቴ በኩል ያለው ፕሮፔለር ቆመ። ቀጥሎ የወዲያኛውም ቆመ። ነዳጅ አልቆ ነበር። እኔ ሸሃዳዬን ያዝኩ፣ እትዬ አስካለ ማርያምን ይጠራሉ። አውሮፕላኑ ጭቃ እርሻ ላይ በሆዱ እየተንሸራተተ ሄዶ ቆመ። የሞተ ሰው የለም። የእትዬ አስካለ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች በኋላ እንደነገሩኝ ጥፋቱ የአብራሪው ነው፤ ለመመለሻ የሚበቃ ነዳጅ ሳለው መመለስ ነበረበት። እኛን የወቀሰን የለም።

በማግስቱ ሐይቅ ስገባ ወንድሜ ለብቻዬ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። “ዋሸሁህ” አለኝ። “ጠዋት ስትደውል ከቀብር እየተመለስን ነበር። መንገድ ላይ እንዳትረበሽ ብዬ ነው።”

ከሳምንት በኋላ እትዬ አስካለን ደሴ የተኙበት ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እግራቸው በጀሶ ታስሯል። ገና ሲያዩኝ “እናትህን ደረስክላት?” አሉኝ።

“ደረስኩ” አልኳቸው።

“ተመስገን። እንግዲያስ እግሩ ይድናል።”

አልዳነም፣ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በዓል በመጣ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬስ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄድና፣ ለእናቴ ነፍስ ሲጸልዩ ሰምቼ ሳልናገር እመለሳለሁ።