እሺ የማይል ኮምፓይለር

ከባሕር ዳር የወጣሁበት ሌሊት ቤታችን ሰው በሰው ላይ ተኝቶ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሊሸኘኝ የመጣ ሁሉ የግድ ማደር ነበረበት፤ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የአባቴ የእህል ደንበኞችም በየጥጉ ጋደም ብለው የንጋቱን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንዱ አጎቴ ያንኮራፋል፤ ሌላው ስለ ጀርመን ብርድ ያስፈራራኛል፤ እሱ ራሱ ከወረታ አልፎ አያውቅም። እናቴ ግን ጎኗን አላሳረፈችም። ሻንጣዬን እየፈታች መልሳ ትሸክፋለች፤ ሽሮና በርበሬውን ከሸሚዞቼ መሃል ትወሽቃለች።

ታናሽ ወንድሜ ሐሰን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀበሌው ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚለቅምበት ዘመን ነው። እኔ በትምህርት ዕድል ስወጣ እሱ ዕድሜው ለዚያው ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ግን አላነሣውም።

«አንተ ሂድ» አለኝ እየሳቀ፣ «ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ። አባባ እንደሁ ካንተ ይልቅ የኔን ሚዛን ነው የሚያምነው።»

ሲነጋ አውቶቡሱ ወደ ዳንግላ መንገድ ሲታጠፍ ሐሰን ከአቧራው ውስጥ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ድሬስደን እንደ ደረስሁ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ለምዝገባ ከአንድ ቢሮ ገባሁ።

«የቤተሰብ ስም?» አለኝ ሰውየው ቀና ሳይል።

«ሰይድ ነኝ። የአባቴ ስም ይማም።»

«እንግዲያው ሄር ይማም ነዎት።»

«ኧረ ይማም አባቴ ነው። ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ሱቅ ውስጥ።»

«እዚህ ግን እርስዎ ነዎት» ብሎ ማህተሙን ዷ አደረገው። ሄር በነሱ አቶ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው «ሄር ይማም» ብሎ በጠራ ቁጥር አባቴ መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር።

ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው። ዓሣውን በኮምጣጤ ነክረው ቀዝቃዛውን ይበሉታል፤ የጣናን ዓሣ ከመጥበሻው ላይ እያነሣ ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው። በረዶ እኛ አገር ቆርቆሮውን ደብድቦ የሚያልፍ ነገር ነው፤ እነሱ ጋ ድምፁን አጥፍቶ ይወርድና እንደ ቤተኛ ተቀምጦ ይከርማል።

የተመደብሁት ኮምፓይለር ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነበር። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። የቡድኑ ኃላፊ ፍራው፣ በኛ ወይዘሮ፣ ዶክተር ሊንድነር የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው ጋበዙኝ። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አስቀድመው ጠይቀው አውቀው ድንች በእንቁላል ጠብሰው ጠበቁኝ። ሳህኔ ሲያልቅ «ይጨመርልዎት?» አሉኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ «ኧረ በቃኝ፣ ጠገብሁ» ብዬ እስኪለምኑኝ ጠበቅሁ። እኛ ጋ የመጀመሪያውን «በቃኝ» የሚያምን ማን አለ? ይማልብሃል፣ ይጎተታል፣ በግድ ትጎርሳለህ። እሳቸው ግን «ጥሩ» ብለው መጥበሻውን አነሡት። ርቦኝ ወደ ክፍሌ ሄድሁ።

ይኸው ጠባዬ ሥራዬ ውስጥም ገባ። የሰጡኝ ክፍል ቁጥርን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት የሚለውጠው ነበር። ማሽኑ ቁጥርን በየዓይነቱ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሙሉው ለብቻው፣ ነጥብ ያለው ለብቻው። ያኔ ለሙሉ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ስለነበር ከሠላሳ ሁለት ሺህ ጥቂት ፈቅ ካለ አይበቃውም። ታዲያ ፕሮግራም ጸሐፊው የአንዱን ዓይነት ቁጥር በሌላው ቦታ ላስቀምጥ ሲል ምን ይደረግ? እኔ ሁሉንም እሺ እንዲል አድርጌ ሠራሁት። ሰው ሲጠይቅህ አይሆንም ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ኮምፓይለሬም እንደኔው ይሉኝታ ያዘው።

ፍራው ሊንድነር ሊፈትሹት ተቀመጡ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝን በሙሉ ቁጥር ቦታ አስገቡ፤ ሦስት ሆኖ ወጣ። ነጥብ ዘጠኙ የት እንደ ገባ የተናገረ የለም። ቀጥለው አርባ ሺህ አስገቡ። ማሽኑ ምንም ቅር ሳይለው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ሺህ ምናምን ብሎ መለሰላቸው። አባቴን አርባ ሺህ ኩንታል ጤፍ አስገብተህ መጋዘንህ ከባዶም በታች ሆነ ቢሉት ምን እንደሚል አሰብሁና ላብ አጠመቀኝ።

«ሄር ይማም፣ ኮምፓይለርዎ በጣም ጨዋ ነው» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ።»

«እያመሰገንሁዎት አይደለም። አላምነውም ማለቴ ነው።»

ተናደድሁ፤ ሻንጣዬን ሸክፌ ብሄድ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር። በማግሥቱ ግን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ትንሹን ከሰፊው ቦታ ሲያስገባ ዝም ብሎ ያሳልፈው፤ የሚጠፋ ነገር የለም» አሉኝ። «ትልቁን ከጠባቡ ላስገባ ካለ ግን ኮምፓይለሩ አይሆንም ይበለው። ጸሐፊው ወደ ምን እንደሚለውጠው በገዛ እጁ ይጻፍ። የለወጥሁት እኔ ነኝ ብሎ ይውሰደው።»

«ጽፎም ቦታው ባይበቃስ?»

«ሲሠራ ማሽኑ ይለካው። ካልገባ ይቁምና የቆመበትን መስመር ይናገር። የቆመን ማሽን ሰው ያስነሣዋል፤ የተበላሸ ቁጥር ይዞ የሚሮጠውን ማን ያየዋል?»

«ሰው አይቆጣም?»

«ይቆጣል እንጂ። ይቆጣ!»

የብርዱን ወራት ሁሉ አብረን ሠራን። እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። እኔ አለቀ ባልሁ ቁጥር ምራቷን እንደምትፈትን አማት አዲስ ወጥመድ ይዘው ይመጣሉ፤ ዛሬ ትልቁን ቁጥር፣ ነገ ከዜሮ በታች ያለውን፣ ከነገ ወዲያ ልክ ከጠርዙ ላይ የተቀመጠውን። ስሕተቴን ለሌላ ሰው አውርተውብኝ አያውቁም፤ ለእኔ ግን አንድም አላለፉልኝም። ድካሜን አይተው እንዲያልፉኝ የተመኘሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ ዛሬ ስላላለፉኝ እመርቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ያንኑ አርባ ሺህ አስገቡ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የቆመበትንም መስመር ጽፎ አወጣ።

«አይሆንም አለኝ!» ብለው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። እኔም የኮራሁት ኩራት! ያን ቀን ቤታቸው ድንቹ ሲቀርብ «አዎ፣ ይጨመርልኝ» አልሁ።

አሁን ስልኩን ልንገራችሁ። አልፎ አልፎ ከፖስታ ቤት ወደ አባቴ ሱቅ እደውል ነበር። እናቴ ታነሣለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ትለኛለች።

«ሐሰንስ?»

«ደህና ነው፤ በጀልባ ጎርጎራ ተሻግሯል።»

በሌላ ጊዜ ስደውል ቆላ ድባ ነው፣ እህል ሊገዛ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አሁን ገና ወጣ። እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ስለ ውትድርና በስልክ አይወራም፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። ደግሞም እኛ አገር ለራቀ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ብቻውን እንዳይሰበር ሲባል፣ ሞቶ ሰደቃው ወጥቶለት ያለቀ ሰው እንኳ ውጭ ላለው ልጁ «ሰላም ብሎሃል» ይባልለታል። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ሆኖ ሲደውል እናቴ ራሷ እንዲህ ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ወደ ፖስታ ቤት ስሄድ እግሬ ከመንገዱ መሃል ቆመ። ስልክ ሲጮህ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው፣ ከእናቴ እጅ የሚነጥቀው ሐሰን ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ዓመት ሊሞላ ነው። ነጋዴ ቢሆን ቢሆን ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ የሚውል ሰው የት አለ? እንዴት እስከዚያ ድረስ እንዳልገባኝ እንጃ። መስመር ጠይቄ ጠበቅሁ። ገባልኝ።

«እማ፣ ሐሰንስ?»

«ደህና ነው ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ እንኳ ጎርጎራ ነው ያለ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ኧረ ይመለሳል። አንተ ትበላለህ ወይ? ብርዱስ ቻልኸው?»

«እማ፣ ሐሰን ደህና ከሆነ ወላሂ በይኝ።»

እናቴ በወላሂ አትጫወትም። ነጋዴው ሁሉ ለአንድ ቁና እህል በሚምልበት ገበያ እሷ ስትምል ሰምቼ አላውቅም። መስመሩ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከኋላዋ አባቴ «ምን አለሽ?» ሲላት ሰማሁት።

«ሰይዴ» አለችኝ ድምፅዋ ልውጥ ብሎ፣ «እናትህን እንዲህ መጠየቅ ማን አስተማረህ?»

ማን እንዳስተማረኝ አውቃለሁ። ወላሂ እስክትል ጠበቅኋት፤ አላለችም።