የእህቴ ትንፋሽ

ከሱቄ ጎን ጥፍር የምታሳምር ልጅ አለች። የአሴቶን ጠርሙሷን በከፈተች ቁጥር ያ ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባና የያዝኩትን ሚዛን አስቀምጣለሁ። ደንበኛው «ምነው፣ ዋጋ ልትጨምር ነው?» ይለኛል። አይደለም፤ የእህቴ ትንፋሽ ሸቶኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ቤታችን ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር። እኔ ከአሰንዳቦ ወደ ጂማ ሎሚና በርበሬ አመላልስ ነበር። ነጋዴ መባል ስለሚያስጠረጥር፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው» እል ነበር። ዘመዶቼ በኩንታል የሚለኩ ነበሩ።

እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። በዚያ ዓመት ከሳች፤ ውሃ አልበቃት አለ፤ እንስራው ሳይሞላ ይጎድላል። «ፈተናው ነው የሚያከሳኝ» ትለን ነበር፤ እኛም አመንናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መጥታ ደጃፉ ላይ ተንገዳገደች፤ አስታወከች፤ ምላሷ ተሳሰረ። አባቴ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ትንፋሿ ሸተተው፤ የበሰበሰ ፍሬ ላይ አረቄ የተደፋ ይመስል ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሶላት የማያልፈው፣ ሰፈሩ ለእርቅ የሚጠራው ሰው ነበር። በሩ እንደተከፈተ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«ጠጥታለች! ልጄ ሰክራ መጣችልኝ!»

«አልጠጣሁም፣ አባ...» አለች፤ መጨረስ አቃታት። ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ከሆዷ ትተነፍስ ነበር።

እናቴ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች። «ጠጣችም አልጠጣችም ሐኪም ቤት ትገባለች። አንተ፣ ጋሪ ጥራ!» አለችኝ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ አባቴ።

«ሰውማ ያንተን ጩኸት ሰምቶ ጨርሷል!»

ጋሪው ላይ የእህቴ ራስ እናቴ ጭን ላይ ነበር። አባቴ እንደማያውቀን መንገደኛ ራቅ ብሎ በእግሩ ተከተለን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ትንፋሿን አሸተተ፤ ስለ ውሃ ጥሟና ስለ ክሳቷ ጠየቀን፤ ሽንቷን አስመርምሮ «የስኳር በሽታ ነው» አለ።

«ስኳር?» አለ አባቴ ከበሩ። «ከቀበሌ በኩፖን የምትሰጠን ስኳር? ማን አጥግቧት?»

ሐኪሙ አልሳቀም። «ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስቡን እያነደደ ነው፣ አባት። ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሟን እያኮመጠጠው ነው፤ ሽታውም ከዚያ ነው። ደማችን ውስጥ ደግሞ አሲዱን የሚያበርድ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሶዳ ያለ ነገር አለ። ሎሚ ላይ ሶዳ ስታደርጉ አየር እያወጣ ይፈላ የለ? ያንን አየር ነው በትንፋሿ የምታስወጣው። ይቺ ልጅ አልሰከረችም፤ እየታገለች ነው።»

ነገሩ ለእኔ ቶሎ ገባኝ። የከሰረ ነጋዴ ካስቀመጠው እየሸፈነ ሱቁን ከፍቶ ይውላል፤ ጎረቤቱም «ደህና ነው» ይለዋል። ያስቀመጠው ያለቀ ቀን ባንዴ ይዘጋል። እህቴ ያን ሁሉ ጊዜ ስታጠና ደሟ ውስጥ ካስቀመጠችው ሶዳ ላይ ስትከፍል ኖራለች።

ኢንሱሊን በመርፌ፣ ጨው ያለው ውሃ በቱቦ ገባላት፤ ትንፋሿም ቀስ እያለ ረጋ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ደብተሮቿን ነበር። አባቴ ሲጠጋት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት በገባን ማግስት አባቴ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ከሰፈሩ ጫፍ ጀምሮ በር ማንኳኳት ያዘ። «ልጄ አልጠጣችም፤ ደሟ ኮምጥጦ ነው። የበደልኳት እኔ ነኝ» ይላል።

«ያ ረቢ! ጠጥታ ነበር እንዴ?» አለችው አንዷ ጎረቤት፤ ሴትየዋ አባቴ በጮኸ ቀን ገበያ ውላ ምንም አልሰማችም ነበር።

እናቴ ሮጣ ደረሰችበት። «ኧረ ተው! ያልሰማውን ሁሉ ልታሰማ ነው?»

«የቤቴን በር ከፍቼ ጮኼባታለሁ፤ በየበሩ ቆሜ እመልሳለሁ» አላትና ቀጣዩን በር አንኳኳ።

መስኮታችን ክፍት ነበር። እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ድምፁ ከቤት ቤት እየራቀ ሲሄድ ታዳምጥ ነበር። ሲመሽ ተመለሰ፤ ድምፁ ተዘግቶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ። እህቴ ደብተሮቿን ወደ ራሷ ሰበሰበችና ከአልጋዋ ጠርዝ መቀመጫ ለቀቀችለት።