ወንድሜ ያስተረጎመው ሬስሊንግ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስልክ ቀማሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩትና ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲወጡ ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ። ለካ አላጠፋሁትም፤ ከመሳቢያው ውስጥ ደወል ጮኸ። የትምህርት ቤት ደወል አይደለም። አጭር፣ ደረቅ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚመታ፣ ሬስሊንግ እያየ ያደገ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የማይስተው ደወል ነው። ከፍቼ ሳየው አንድ ሰውዬ የምንጊዜም አሥር ታላላቅ ተፋላሚዎችን ከአሥረኛው ጀምሮ ወደ ላይ እየቆጠረ ነው። ባለ ስልኩ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበርና፣ «ቲቸር፣ አንደኛውን ብቻ ልየውና ይውሰዱት» አለኝ። ስልኩን መለስኩለት። ቀምቼ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባልደረቦቼ ቢሰሙ አያምኑም።

ልጁ ሄደ፤ እኔ ግን ወደ እርማቴ አልተመለስኩም። የጄኔሬተር ቤንዚን ሸተተኝ፤ ዝናብ የመታው ጋቢም ሸተተኝ።

እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ። ሆኖም ቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ስለነበረው ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያ ትሾልክና በተመልካቹ ራስ ላይ ነጠብጣብ ታሳርፋለች። በገበያ ቀን እህላቸውን የሸጡ ገበሬዎች በቅሎና አህያቸውን ውጭ አስረው ይገቡ ነበር። ከከላላ ድረስ የሚመጣም ነበር። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አንዴ አንድ ሰውዬ ተናዶ ቴሌቪዥኑን ሊመታ ስለተነሳ፣ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ዱላ ሁሉ በር ላይ እንዲቀር አዘዘ። ሴት ልጅ እዚያ አትገባም። እኔን የሚያስገቡኝ የአስተርጓሚው እህት ስለሆንኩ ነው።

አስተርጓሚው ወንድሜ ነበር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ወድቆ እኔ ደረስኩበትና አንድ ክፍል ገባን። ሲተርቡት፣ «እህቴ ብቻዋን እንዳትማር ብዬ ነው የጠበቅኋት» ይል ነበር። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። እሱ ስንተኛ እንደሆነ ካርዱን ደብቆ ስለሚያስፈርም በውል አላውቅም። ከእንግሊዝኛ የሚያውቃት ሃያ ቃል ብትሞላ ነው። ይሁንና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ፈረንጆቹ ማይክ ይዘው በተናገሩ ቁጥር ሳይደናቀፍ ለገበሬዎቹ ያስተረጉምላቸዋል። ከሆዱ ነው። አንዷም ቃል እውነት አልነበረችም።

ተፋላሚዎቹን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ጎተራ የሚባለው ሆዱ ከራሱ ቀድሞ ሪንጉ ውስጥ የሚገባ ሰውዬ ነው። ባለ ጋሜው ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ጠጉሩን ጎንጉኖ ይለቀዋል፣ ሦስት የሻምፒዮና ቀበቶ አለው። ሽማግሌው ደግሞ ራሱ የሸበተ፣ ጉልበቱን በፋሻ የጠመጠመ፣ ከአሥር ግጥሚያ ስምንቱን የሚሸነፍ ነው። በወንድሜ ትርጉም ባለ ጋሜው የሽማግሌው የወንድሙ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞትበት ሽማግሌው ወስዶ አሳደገው፤ ልጁ ጉልበት ሲያወጣ የአጎቱን መሬት ቀማው። ሪንጉ ላይ የሚደባደቡት ስለዚያች መሬት ነው። እዚያ ከተቀመጡት ገበሬዎች መካከል የድንበር ክርክር የሌለበት ማን ነበር? ባለ ጋሜው ሽማግሌውን ባነሳው ቁጥር ቤቱ ሙሉ ይቃትታል። «አይ ልጅ! ያሳደገውን እኮ ነው!» ይላሉ። «ወላሂ፣ ይኼ ልጅ አይባረክም!» ይላል ሌላው።

ወንድሜ ከትምህርት ቤት በሰረቀው ጠመኔ በሩ ላይ በውስጥ በኩል የምንጊዜም ታላላቆችን በተራ ይጽፍ ነበር። ዝም ብሎ አይጽፍም፤ ግጥሚያው ሲያልቅ እንደ ሽምግልና ነው የሚደረገው። አንዱ ይነሳል፣ ይናገራል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ይማማላሉ፣ በመጨረሻ «ይጻፍ» ሲሉ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ጎተራ ሦስተኛ ነው አራተኛ ነው በሚል ሁለት አማቾች ተኳርፈው፣ ያስታረቃቸው ወንድሜ ነበር። አንደኛው ግን ሁሌ ሽማግሌው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነበር። የእኔ አንደኛ ባለ ጋሜው ነዋ!

«አንደኛ ማለት ያሸነፈ ነው። ይኼ ምን ክርክር አለው?» እለዋለሁ ቤት ስንገባ።

«አንቺ ውጤቱን ታያለሽ፤ እኔ ሰውየውን አያለሁ» ይለኛል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ አንደኛ የነበረው እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎች ቦታ የሚለቁለት፣ «ዝም በሉ፣ ይናገር» የሚባልለት፣ ሻይ የሚጋበዘው እዚያ ነው። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅኩም ብዬ አላመካኝም።

ያ ቀን የመጣው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተለጠፈ ሳምንት ነው። እኔ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣሁ፤ እሱ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ። እናታችን ለእኔ እልል ብላ ስትጨርስ ለእሱ አለቀሰች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ ቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤቱ። እኔም ተከተልኩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በሰልፍ ፊት እጄን ጨብጦኝ ስለነበር እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ገበያ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ውጭ ያካፋል። ባለ ጋሜው ሽማግሌውን ከገመዱ በላይ አንስቶ ወደ ውጭ ጣለውና አራተኛ ቀበቶውን ወሰደ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ «አሁንስ? አሁንም ሽማግሌው ነው አንደኛ?» ብዬ ጮህኩ። ሳቁ። ወንድሜም ሳቀና በጠመኔው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ። «ቆይ፣ ሰውየው ራሱ ይናገር» አለ። ሽማግሌው ተነስቶ፣ እያለከለከ ማይኩን ተቀበለ። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ አቅም አንሶኝ አይደለም የወደቅኩት። አንገቱን ይዤው ነበር። ግን ሕፃን ሳለ በዚሁ እጄ ነው ያጎረስኩት። ያጎረሰ እጅ አንገት አያንቅም።»

ከአጅባር የመጡ አንድ አዛውንት በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በቃ! አንደኛ ነው፤ ይጻፍ!» አሉ። «ይጻፍ! ይጻፍ!» አለ ሁሉም።

«ውሸት ነው!» አልኩ እኔ። ተነስቼ ቆሜያለሁ። «እንደዚያ አላለም! በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ከተማ እንገጥማለን፣ ቲኬቱ በር ላይ ይሸጣል ነው ያለው!»

ድምፄ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ስመልስ የሚወጣው ድምፅ ነበር። ከዚያ የጄኔሬተሩ ጩኸት ብቻ ቀረ። አዛውንቱ ወደ ወንድሜ ዞረው፣ በትሕትና፣ «ልጄ፣ እውነቷን ነው?» ብለው ጠየቁት።

መዋሸት ይችል ነበር። ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች ቢላቸው ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚያምኑት። ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሻሸ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«እሷ ታውቃለች፣ አባባ» አለ። «ጎበዝ ተማሪ ናት።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አዛውንቱ ብቻ አልሳቁም። ዱላቸውን ከበሩ ላይ አነሱና፣ «እኔ እኮ ቤት ስገባ ለሚስቴ ሁሉንም እነግራት ነበር» ብለው ወጡ። ካፊያው ውስጥ በቅሏቸውን ሲፈቱ በተከፈተው በር ይታዩኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ከተማው ውስጥ መሄድ አልቻለም። ልጆች ከአጥር ጀርባ ሆነው፣ «ቲኬቱ በር ላይ ነው!» ይሉታል። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ፣ «ቲኬቱ በር ላይ ነው!» ውሃ ሲቀዳ፣ «ቲኬቱ በር ላይ ነው!» እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ሌላ አስተርጓሚ ሲያጣ እኔን ለመነኝና ሁለት ገበያ ቆምኩ። አንዲት ቃል ሳልስት በትክክል አስተረጎምኩ። በሦስተኛው ገበያ ከአምስት ሰው በላይ አልመጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ እኔ ግን የያዝኩት እውነት ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ትርጉም ለተሳሳተ ተማሪ ኤክስ ሳደርግ እጄ ይከብደኛል።

በጥር ከአንድ ጓደኛው ጋር ተነሳ። ለእናታችን ደሴ ሥራ አግኝቻለሁ አላት። መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ በመስኮት፣ «እማዬን አደራ» አለኝ፤ ሌላ ምንም። ከሁለት ወር በኋላ በአፋር በረሃና በባሕር አድርጎ ሳዑዲ መግባቱን ሰማን።

ይደውል ነበር። ከእናቴ ጋር ያወራል፣ ያስቃታል፤ ስልኩ ወደ እኔ ሲመጣ ወሬው ያጥራል። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን፣ «ሽማግሌውን እኮ አንደኛ አድርጌዋለሁ። ልክ አንተ ነበርክ» አልኩት። ለማለት የፈለግኩት ሌላ ነበር፤ ያለዚህኛው መንገድ ሊወጣልኝ አልቻለም።

«የቱን ሽማግሌ?» አለኝ። ከዚያም፣ «እ… ተይው እሱን፣ የልጅነት ነገር ነው» አለ። እውነት ረስቶት ይሁን፣ ወይም እንድተወው ፈልጎ፣ ዛሬም አላውቅም። መስመሩ ተቋረጠና ያን ቀን ደግመን አልተገናኘንም።

በሄደ በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብሮት የሄደው ጓደኛው በራችን ላይ ቆመ። የጓደኛውን መመለስ ሰምተን ነበር። እናቴ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «የኔስ? የኔስ ልጅ?» አለችው። ጓደኛው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «ደህና ነው፣ እማማ። ደብዳቤ ልኳል» አለና የታጠፈ ወረቀት ለእኔ ሰጠኝ።

ደብዳቤ አልነበረም። የሆስፒታል ወረቀት ነው፤ ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። የወንድሜ ስም፣ የአባቴ ስም፣ ዕድሜው፣ የሞተበት ቀን፣ ልቡ እንደቆመ የሚገልጽ አንድ መስመር፣ ማኅተም። በእኛ አገር መርዶ ጎረምሳ አያረዳም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ሰምቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። በልጁ አልፈርድም። በዓይኔ ወደ ጎረቤቶቻችን አመለከትኩት፤ ገባውና ሽማግሌዎቹን ሊነግር ሄደ። ነገ ማለዳ ይመጣሉ ማለት ነው።

ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«በይ አንብቢልኝ» አለች። «ምንም እንዳትዘልዪ። ያለውን ሁሉ።»

ከጎኗ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። አሠሪው ደግ ሰው እንደሆነ አነበብኩላት። ወፍሮ ልብሱ ሁሉ እንደጠበበው፣ ጎረቤቶቹ ጎተራ ብለው እንደሚጠሩት አነበብኩላት። እናቴ እየሳቀች ጉልበቷን መታች። «እሱ ነው! እንዲህ ነው የሚያወራው!» አለች። ለፋሲካ ለመምጣት እንዳሰበ አነበብኩላት። ከየት እየመጣልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አንዴም አልተደናቀፍኩም።

ወረቀቱ ግርጌ ስደርስ፣ «ስለ አንቺስ?» አለችኝ። «ለአንቺ ምን አለ?»

ያን ጊዜ ነው የተደናቀፍኩት። ለእሷ የፈለገችውን ሁሉ ላነብላት እችላለሁ፤ ለራሴ ግን የእሱን ይቅርታ ከሆዴ አውጥቼ ላነብ አፈርኩ።

«ስለ እኔ አልጻፈም፣ እማዬ» አልኳት።

«አይ፣ እንዴት ተደርጎ!» አለች። «ልጄን አላውቀውም? ገልብጪው እስቲ፣ ከኋላ ይኖራል።»

ገለበጥኩት። ምንም አልተጻፈበትም፤ ነጭ ነው። እናቴ ፊቴን ታያለች።

«አዎ፣ አለ» አልኳትና ማንበብ ጀመርኩ።