ዘጠነኛው ዘፈን

አናጢው የባንድ ድምፃዊ ሳለ ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉት ነበር። የሚጫወቱት ፖስት-ሃርድኮር ነው፤ ጊታሩ ሲያጓራ አብሮ ይጮሃል፣ ድንገት ደግሞ ዝግ ብሎ ያዜማል። የመጀመሪያው አልበማቸው በወጣ በዓመቱ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ ወጣበት። ያከመችው ሐኪም ከእንግዲህ ከጮኸ መናገርም ሊያቅተው እንደሚችል ነገረችው። ማይኩን ትቶ ወደ መጋዙ ተመለሰ። ቅፅል ስሙ ግን አልለቀቀውም፤ ቁም ሳጥን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ምን አልክ?» እያለ ጆሮውን የሚያስጠጋለት ነጎድጓድ ሆኖ ቀረ።

ለሁለተኛው አልበም ባንዱ ታናሽ እህቱን ወሰደ። ጩኸት ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ እንደሚወጣ ያስተማራት ራሱ ነው። ባዳ ቢሆን ሰድቦት ይወጣለት ነበር፤ እህትን ምን ይሏታል?

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል መጥቶ እንዲሰማላቸው ለመነችው። ሰጋቱራውን ከልብሱ አራግፎ ሄደ። ስምንቱን ዘፈን ሲሰማ ጥርሱ እየሳቀ አንጀቱ አረረ። ዘጠነኛው ላይ የክንዱ ፀጉር ቆመ። ድምጿ ሊሰበር ይደርስና አይሰበርም። እሱ በደህናው ጊዜም እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

«ይሄኛው ይቅር» አለ በሻካራ ድምፁ። «አልበሙን ያበላሸዋል።»

ጆሮውን ስለሚያምኑ ማንም አልተከራከረውም። እህቱም አቀርቅራ እሺ አለች።

ሦስት ቀን ሥራ እምቢ አለው። ሳንቃ አሳጥሮ ቆረጠ፣ የሰው በር አጣመመ። ሚስቱ ምን ነካህ ብትለው ጉሮሮዬን ነው አላት። በአራተኛው ቀን አልበሙ ለኅትመት ሊላክ መሆኑን ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ ወጣ። እህቱን ስቱዲዮው በር ላይ አገኛት።

«ዋሽቼሻለሁ» አላት። «ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቀንቼብሽ ነው።»



«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልችልበትም ብዬ መዝፈኑን ልተወው ነበር» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው።

ዘፈኑ ወደ አልበሙ ተመለሰ። እሷ ግን ሁለት ወር ሙሉ ደጁን አልረገጠችም። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ወንበር ሲልግ መጥታ ከጎኑ ቆመች። መድረክ ላይ ትንፋሽ እያጠራት መቸገሯን ነገረችው። መላጊያውን አስቀምጦ የት የት ላይ አየር መሳብ እንዳለባት አሳያት፤ እስኪመሽ ሠሩ።

ቅናቱ ለቀቀው ማለት አይደለም። በሬዲዮ ስትመጣ ዛሬም ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ላጥፋው ስትለው ግን እጇን ይይዛታል።