ድንጋይ እስኪመጣ

ጥጥ በኮሎኝ ነክሮ የቴፕ ጭንቅላት የሚጠርግ ሰው አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር፣ ሽታው እጄን ይዞ የፊት ጥርሴ ወደ ወለቀበት ክረምት ይመልሰኛል። ያን ክረምት ቢቸና ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ የገበያው ሜዳ ጭቃ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ከቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ ይውል ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ የተስፋዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ተደርድረን፣ እሱ ቴፑን ከፍቶ ሲጠርግ፣ የላላ ካሴት በእስክሪብቶ ሲጠቀልል፣ ከዚያም ቁልፏን ቀጭ አድርጎ ሲጫን እናይ ነበር። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ይመጣል፣ ቀጥሎ ዘፈኑ። እኔ ከዘፈኑ ይልቅ ሽሽሽታውን እወደው ነበር፤ አንድ ሰው ሊናገር ሲል ትንፋሹን የሚስብ ይመስለኝ ነበርና።

አባቴ ሞላ አዝማሪ ነው። ማሲንቆውን ታቅፎ ከአንዱ ጠጅ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ ሲገባ ወዲያው አይጀምርም፣ አስቀድሞ የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ያይ ነበር። ማን አዲስ ኮት ገዛ፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ወጣ፣ ማን በሬ ሞቶበት አንገቱን ደፋ፣ ሁሉን ከፊት አንብቦ በግጥም ይመልሰው ነበር። ሰሚውም ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም፤ ግጥም ከሆዱ ሲፈነቅለው «ተቀበል» ብሎ ይሰጠዋል፣ አባቴም እየተቀበለ፣ እያሳመረ፣ አንዳንዴም ሰጪውን ራሱን ጎኑን ወጋ እያደረገ ይዘፍነው ነበር። ስለዚህ የዛሬው ዘፈን ለነገ አይሆንም፤ ሰዎቹ ሲበተኑ ዘፈኑም አብሯቸው ወደየቤቱ ይገባ ነበር።

እናቴ የሞጣ ልጅ ናት። ወገኖቿ ካህናትና መሪጌቶች፣ ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ይርዳው ደግሞ ስመ ጥር የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ አዝማሪ ብታገባ «ዞሮ ለማኝ አግብታ» ብለው እግሯን ከደጃቸው ቆረጡት፣ እኔ ስወለድ እንኳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ዘመድ አልነበረም። አባቴ ይህን ነገር አንሥቶ አያውቅም። እናቴ ግን አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች አጫወተችኝ፤ የአባትሽ ምኞት ሌላ አይደለም፣ ሞጣ ላይ በወንድሜ ዳስ ቆሞ፣ ወገኖቼ እያዩት ተጫውቶ፣ ከአፋቸው «አማቻችን» መባል ነው አለችኝ።

ግን በምን መንገድ ሞጣ ይኬዳል? ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ኬላ አያልፍም ነበር፤ ቀበሌው ደግሞ ለአባቴ ወረቀት መስጠት አይሆንለትም፣ የኪነት ቡድኑ ባለ ማሲንቆ እሱ ብቻ ነዋ። እሁድ እሁድ ከስብሰባ በፊት ካኪ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣና፣ ጽፈው የሰጡትን ግጥም አንድ ቃል ሳይጨምር ሳያጎድል ይዘፍን ነበር። ወረቀት በጠየቀ ቁጥር ሊቀመንበሩ፣ ማሲንቆው እኮ የሰፊው ሕዝብ ነው እያሉ ይመልሱት ነበር፤ አባቴም ቤት ሲገባ «የሰፊው ሕዝብ ከሆነ ጭራው ሲበጠስ ለምንድነው እኔ የምገዛው?» ይለን ነበር። እናቴ የምትስቀው ግን በሩን ከዘጋች በኋላ ነው።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ተስፋዬ ቤታችን ድረስ መጣ። ደብረ ማርቆስ ሄዶ ካሴት የሚያባዛ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ገዝቶ ኖሯል፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ነበር። «አንተን ከቢቸና አትውጣ ቢሉህ፣ ድምፅህን ማን ይይዘዋል? ካሴት ይለፍ አይጠየቅም» አለው አባቴን። አባቴ ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርዶ ተከተለው።

የሱቁ ጓዳ በርና መስኮት በብርድ ልብስ ተጋረደ፣ ዶሮዎች ተባረሩ፣ ጎረቤት እባካችሁ ለዛሬ አትውቀጡ ተብሎ ተለመነ። ተስፋዬም ሕግ አወጣ፤ ካሴቱ ለሁሉም ስለሆነ የማንም ስም እንዳይነሣ፣ ማንም በግጥም እንዳይወጋ፣ ቀዩ መብራት ሲበራ እንዲጀመር፣ እጁን ሲያነሣ እንዲያበቃ። አባቴ ጀመረ፣ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ ቆመ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ለካ የሚያየው ፊት አጥቶ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ያቺ ጥቁር ሣጥን ብቻ ነበረች። በመጨረሻ «ልጄን ጥሩልኝ» አለ። እኔ ከበረንዳው ተጠርቼ ገባሁና ከቴፑ ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ፤ ድምፅ እንዳላሰማ አፌን ይዤ ሳለ ግን የላቡ ጠብታ አፍንጫው ጫፍ ላይ ስትንጠለጠል ሳቄ አመለጠኝ፣ የወለቀው ጥርሴ ቦታም ወለል ብሎ ታየ። አባቴ ይህችን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ፦

«ፍንጭትሽ በር ሆኖ ሳቅሽ ሲወጣበት፣
እኔ ነኝ እንግዳው ደጁ የመሸበት።»

አለ፤ ከዚያ በኋላ ተስፋዬ እጁን እስኪያነሣ ድረስ የሚያቆመው አልተገኘም። እንግዲህ ያ አገር ያወቀው ዘፈን የተዘፈነው ለእኔ፣ ለወላቃዋ ነው። ካሴቱን የገዛው ሰው ይህን በምን ይወቅ? ፍንጭት ያላት አንዲት ቆንጆ አለች ብሎ ጎረምሳው ሁሉ ፍንጭት ሲያልም ከረመ። እኔማ ምላሴን በክፍተቱ ብቅ እያደረግሁ በገበያው መሀል በኩራት እሄድ ነበር።

አጨዳው ሲደርስ ካሴቱ የጥኖራ ገበያ ተሰማ፣ ሉማሜ ተሰማ፣ መርጡለ ማርያም ድረስ ገባ እየተባለ ወሬው በየቀኑ ይመጣልን ነበር። አባቴ ራሱ ከቢቸና ፈቀቅ አላለም፣ ድምፁ ግን አገር አዳረሰ። በዚያው ወራት ጠጅ ቤቶቹም አንድ በአንድ ቴፕ አስገቡ። አንድ ቀን ከሰዓት እኔን አስከትሎ ወደ ለመደው ቤት ቢሄድ፣ ባለቤቷ እትዬ አሰገደች በፍቅር ተቀብላው፣ ወንበር ስባለት፣ ብርሌ ሞልታለት «ሞልዬ፣ ዛሬ አንተው እየዘፈንህልን ነው፤ ተቀመጥና እንደ ሰው ጠጣ» አለችው። ተቀምጦ ራሱን ሲሰማ ዋለ። አንድ ሞቅ ያላቸው ሽማግሌ ወደ ቴፑ ዞረው «ተቀበል» ብለው ግጥም ቢሰጡ፣ ቴፑ እሳቸውን ከምንም ሳይቆጥር መንገዱን ቀጠለ፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግጥሟን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለብቻው ሲቀበላት አየሁት።

ጾመ ነቢያት ሲገባ ድሮ ማሲንቆው ይሰቀልና አባቴ ለሰው እህል ሲወቃ ይውል ነበር፤ አዝማሪ እንደ ሰው ይጾማላ። በዚያ ዓመት ግን ሰውየው ጾሞ ድምፁ በየቤቱ ይጨፍር ጀመር። «ያ ካሴትህ የንስሐ አባት የለውም እንዴ?» ትለው ነበር እናቴ። አባቴም «ቢኖረውማ እኔን ይመስል ነበር» ይላታል።

በጥር፣ በሰርጉ ወር፣ ያልታሰበ ነገር ሆነ። አጎቴ ይርዳው ልጃቸውን እናኑን ሊድሩ ኖሯል፤ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ያ የካሴቱ ሞላ የእኛ አማች ነው አሉ፤ ሚስቱን ይዞ ይምጣ» ብለው ላኩበት። እናቴ ቃሉን ሾፌሩን ደጋግማ አስወራችው። የቀረው የይለፍ ወረቀቱ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለ ወትሮው በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ለካ ተስፋዬ የኪነቱንም መዝሙር ቀድቶ ለቀበሌው ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ሊቀመንበሩ አባቴን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ ድምፅህ እዚህ እስካለ አንተ ብትሄድ ምን ቸገረን ብለው ማኅተሙን መቱለት። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ፊቱ የተፈታ ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

ደብረ ወርቅ ኬላ ላይ ገመዱ ተወጥሮ መኪናችን ቆመ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ የአባቴን ካሴት ከፍቶ ነበር። ጠባቂው የአባቴን ወረቀት አነበበ፣ ፊቱን አየ፣ ጆሮውን ወደ ጋቢናው አዞረ፣ ደግሞ አየው። «አይ፣ ያ ሞላ እንኳ አንተን አይመስልም፤ ወፍራም ነው» አለና ገመዱን ለቀቀልን። እናቴ እስከ ሞጣ ድረስ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትስቅ ሄደች፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ዳሱ ሰፊ ነበር፣ ሰው ጢም ብሎበታል። እናቴ የወንድሟን ጉልበት ስማ አለቀሰች፣ አጎቴም አነሡዋት፤ አባቴን ግን እጅ ነሥተው ወደ ዳሩ አግዳሚ መሩት። መሀል ላይ ጋቢ በለበሰ ጠረጴዛ ቴፑ ተቀምጦ፣ የአባቴ ድምፅ እየዘፈነ፣ ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ይሰብቁበት ነበር። አባቴ በጨርቅ የተጠቀለለውን ማሲንቆ በጉልበቱ መሀል ይዞ፣ መቼ በተጠራሁ እያለ፣ ራሱን ይሰማ ነበር።

ከዚያ የባትሪው ድንጋይ ደከመ። ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፤ «ፍን... ጭት... ሽ...» እያለ እንደ በሬ አጉረመረመ። ዳሱ ሳቀ፣ ልጆች ድምፃቸውን እየጎተቱ እሱን ያስመስሉ ጀመር። አጎቴ ይርዳው አፍረው፣ ከሱቅ ድንጋይ እንዲያመጣ ሰው አስሮጡና ወደ ዳሩ ዞሩ።

«በል ሞላ፣ ድንጋይ እስኪመጣ አንድ ነገር በለን።»

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አባቴ ግን ተነሣ፣ ጨርቁን ፈታ፣ እንደ ልማዱም የሰውን ፊት አንድ በአንድ አየ፤ ሙሽራዋ ላይ ሲደርስ ቆየ። እናኑ አዲስ ነጭ ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን በእንግዳው ራስ ላይ አልፎ፣ ከጓዳው በር የቆመችውን እናቷን ይፈልግ ነበር። ይህን በዳሱ ውስጥ ያየ ሰው አባቴ ብቻ ነበር።

«እግሯስ ተነሥቷል አዲስ ጫማ አድርጋ፣
ዓይኗ ግን ከኋላ እናቷን ፍለጋ።»

ከጓዳው በር የሙሽራዋ እናት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ አሁን ዳሱ ይገለበጣል ብዬ ጠበቅሁ። ከሚዜዎቹ አንዱ ግን «እሱን አይደለም፣ እንደ ካሴቱ በለው» አለ። ሌላውም «ፍንጭቷን ረሳሃት እኮ!» ብሎ አሳቀባት። እናኑ ፍንጭት የላትም፤ ጥርሷ እንደ በቆሎ የተደረደረ ነው። አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ተቀበል የሚል ሰው የለም ወይ እያለ በዜማ ለመነ። ሁሉም የካሴቱን ግጥም በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን የሚሰጥ አንድ እንኳ ጠፋ።

የተላከው ሰው ድንጋዩን ይዞ ገባ። አጎቴ በእጃቸው እየመዘኑት አባቴን ተመለከቱት፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ የሰርግ ባለቤት ናቸው፣ ሰው እንዲጨፍርላቸው ነው የሚፈልጉት።

«እንደ ካሴቱ ትለዋለህ ወይስ እንክተተው?»

አባቴ እናቴን አያት። ከዚያ የሚዘፍንለት ፊት ፈልጎ ነው መሰለኝ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ልረዳው ብዬ ጥርሴን ሁሉ ገልጬ ሳቅሁለት። ግን አዲሱ ጥርሴ በቅሎ ነበር፣ ክፍተቱ ሞልቷል። አየኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ፍንጭትሽ በር ሆኖ» አለ። ዳሱ በእልልታ ተነቃነቀ። ሙሽራዋ አፏን በነጠላዋ ጥለት ሸፈነች። አጎቴ ይርዳው ድንጋዩን ኪሳቸው ከትተው፣ መጥተው አባቴን አቅፈው፣ ለተሰበሰበው ሁሉ «አማቻችን ነው!» አሉ።

እንግዲህ የተመኘው ሁሉ ሆነለት። ስንመለስ መኪናው ላይ እናቴ «ደስ አላለህም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «ደስ ብሏቸዋል» አላት።

አሁን እናቴ በፋሲካም በመስቀልም ወደ ሞጣ ትመላለሳለች፣ አባቴም በሰርግ ሁሉ ይጠራል፤ ቴፕ የሌለው ቤት ወይም ድንጋይ የፈጀበት ባለ ሰርግ አይጠፋም። ያኔ የሰውን ፊት ካላየ አንድ ስንኝ የማይወጣው ሰው፣ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፤ ሰውም ተመስጦ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሎኛል፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ሰው ፊት እስክጠግብ አያለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ እንደ ባለፈው አድርገሽ ጻፊው ያለኝም እስካሁን የለም።