አፋቸውን የከፈቱ ዓሦች

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ምሳ ልበላ ገብቼ ሳላስበው ሰው ላይ ጮህኩ። በሩ አጠገብ ተክል የተተከለበት የመስታወት ዓሣ ማኖሪያ ነበር። ውሃው ደፍረስ ብሏል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ከሳህኑ እንጀራ ቆረስ አድርጎ ሊጥልላቸው እጁን ሲዘረጋ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪዞር "ተው!" አልኩት። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። የአባቴ ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ከምንኖርባት ከመንዟ መሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ጨዋታ ወዳድ፣ ቁጡ፣ ሳቃቸው ከሞተሩ በላይ የሚሰማ። አንድ ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም አብሮ ተያዘ። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ማስታመሙ የእኔ ሆነ። አዲስ አበባ ዓሣ ማኖሪያ እየሠራ የሚሸጠው ወንድሜ ታደሰ ታዲያ "ግድግዳ ሲያዩ አይዋሉ" ብሎ አንድ ትልቅ መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። የእኛን አገር ብርድ የሚችሉ ቀያይ ዓሦች፣ አሸዋ፣ አረንጓዴ ተክል፣ ውሃ የምታጣራ ትንሽ ሞተር ከነስፖንጇ።

አባባ ዓይናቸውን ከትልቁ ዓሣ ላይ መንቀል አቃታቸው። ሲዞር አብረው ይዞራሉ። ውሎ አድሮ በደህናው እጃቸው ጣት ይከተሉት ጀመር። ሐኪሙ ያንን አይቶ "ይሄ ነገር እያነቃቸው ነው፤ እንዳታሳጧቸው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ሁሉ ያቺ ጣት ላይ ነበር።

ችግሩ ጠያቂው ነው። የመንዝ ሰው የታመመ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ መጥቶም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዳቦውን፣ በሶውን፣ እርጎውን ይዞ ይገባና በሽተኛውን፣ አስታማሚዋን፣ ካልሆነም ድመቷን ያበላል። ዋናዋ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አባባ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ከተፍ ይሉና አጥሚት በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። ዓሦቹንም "እናንተስ የእግዜር እንግዶች አይደላችሁ?" እያሉ በሶ ቆንጠር አድርገው ይበትኑላቸዋል።

ኅዳር ላይ፣ ውርጩ በበረታበት በገብስ አጨዳ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ብነሳ ውሃው አጓት መስሏል። አንዱ ትንሽ ዓሣ በጎኑ ተንጋሏል። አባባ ሳይነቁ አወጣሁና ሽንኩርቱ መደብ ውስጥ ቀበርኩት። የቀሩት ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎነጫሉ። ታደሰ በተወልኝ ብልቃጥ ውሃ ቀድቼ የውሃ መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ቢጫ መሆን ሲገባው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው ደወልኩለት።

"አሞኒያ ነው" አለ። "ኩሳቸውና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ የሚወጣ መርዝ። መተንፈሻቸውን እያቃጠለው ነው። ስንት ሰው ነው የሚያበላቸው?"

"አገሩ ሁሉ!"

"በይ ምግብ የሚባል አቁሚ። ውሃውን በየቀኑ ከፊሉን ብቻ ቀይሪ። የቧንቧው መድኃኒት እንዲወጣለት በባልዲ ያደረ ይሁን። ስፖንጇን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢያት አደራ! መርዙን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እሷ ላይ ናቸው፤ ገና አዲስ ስለሆነች አልበዙም። እነሱ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን ተክሉ ይበላዋል፣ ገብስ ማዳበሪያ እንደሚበላው።"

"ትልቁስ ይተርፋል?"

"እኔ እንጃ፣ ሙሉዬ።"

ውጭ ያደረ ውሃ በረዶ ስለሚሆን ባልዲዎቹን ቤት ውስጥ ደረደርኳቸው። እየቀዳሁ አፈሳለሁ፣ እየቀዳሁ እሞላለሁ። ለጠያቂው "ምንም እንዳትሰጧቸው" ብል ሰው ሁሉ አኮረፈኝ። ዓሣ በረሃብ የምትፈጅ ተባልኩ። ትልቁ ዓሣ መዞሩን ትቶ ጥግ ላይ ቆመ፤ የአባባም ጣት ወደቀች። አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ "አባባ፣ ርቧቸው አይደለም። ምግቡ ነው የመረዛቸው። አፋቸውን የሚከፍቱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ይግባቸው አይግባቸው አላወቅሁም፤ ፈራሁ።

የማርያም ዕለት እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትኩስ ዳቦ ይዘው ገቡ። ዓሦቹን ሲያዩ ጊዜ ጮኹ።

"ውይ በሞትኩት! አፋቸውን ከፍተው እየለመኑሽ? ምነው ልጄ፣ አንጀትሽ ድንጋይ ሆነ?"

"እትዬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይሞታሉ!" ሁለት እጄ በባልዲ ተይዟል፤ በመካከላችን ደግሞ አልጋው አለ።

እሳቸው ማን ሊሰማ! ዳቦውን ፈርፍረው እጃቸውን ከውሃው በላይ አደረጉ። ያኔ ከአልጋው ላይ እንደ አሮጌ ፍሬን የሚያንቋርር ድምፅ ወጣ።

"ተዪ!"

ዳቦው ምድር ላይ ተበተነ። እኔ ባልዲውን እግሬ ላይ ደፋሁት። እትዬ በላይነሽ እልል አሉ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ደግሞ እልል አሉ። አባባ በላብ ተጠምቀው ጣታቸውን ወደ ትልቁ ዓሣ ዘርግተዋል።

ብልቃጡ ወዲያው ቢጫ አልሆነም። አንድ ሌላ ዓሣ ሞተብን። ግን አረንጓዴው እያደር ሳሳ፣ መርዙ መለወጡን የሚያሳየው የናይትሬቱ ብልቃጥ መቅላት ጀመረ፣ ተክሉ አዲስ ቅጠል አወጣ። ትልቁም ዙሩን ቀጠለ።

የዚያኑ የማርያም ዕለት ማታ እትዬ በላይነሽ እንደ ልማዳቸው አጥሚቱን ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ማንኪያው ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ። እትዬ ዓሦቹን አዩ፣ አባባን አዩ። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መልሰው አፍ አፋቸውን እያዩ ጠበቁ።

"በ... ላይ" ብለው ጠሯቸው አባባ።

ሆቴል ያገኘሁት ሰውዬ ተቀይሞ "ምነው እቴ፣ ርቧቸው አይደል እንዴ አፋቸውን የሚከፍቱት?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኛ ሰው ስንወድ ቶሎ ማጉረስ ነው የምናውቀው፤ ያ ሁሉ ጠያቂ አባባን ይወዳቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የታመመ ስጠይቅ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ መጀመሪያ አፉን እንዲከፍት እጠብቃለሁ፤ ከዚያም እንዲናገር። ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቅሁትና አስተናጋጁን ጠርቼ ቤቱ ውስጥ በባልዲ ያደረ ውሃ እንዳለ ጠየቅሁ።