የእታለምና የእምነት ብሉቱዝ

እታለም ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ታናሿ እምነትም በአንድ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ በተለየች ሱቅ ያንኑ ትሸጣለች። እኔ ፊት ለፊታቸው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለቱንም ሳይ ነው የምውለው። እህትማማቾቹ አይነጋገሩም።

ነገሩ የመጣው በእናታቸው ሞት ነው። እምነት ያን ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ጎጃም ወርዳ ነበር። እታለም «መርዶ በስልክ አይነገርም» ብላ ዝም አለቻት። እውነቷን ነው፤ ማን በስልክ ያረዳል? ስትመለስ፣ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል ተባለ። እምነት ስትደርስ ግን እናትየው ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ለእህቷ ቃል አልወጣትም። ሽማግሌ ቢላክ፣ የንስሐ አባት ቢመጡ፣ ወይ ፍንክች።

ገበያ ግን ኩርፊያ አያውቅም። ደንበኛ እታለም ጋ የሌለ ጥለት ሲፈልግ፣ የናሙናውን ፎቶ አንስታ በብሉቱዝ ለእምነት ትልካለች። እምነት ካላት የራሷን ፎቶ ትመልሳለች፤ ደንበኛውም ወደዚያኛዋ ሱቅ ይሻገራል። የበዓል ሰሞን ኔትወርክ ተጨናንቆ መደወል ሲያቅተን እንኳ የእነሱ ስልኮች ደህና ናቸው። የኔትወርክ ማማ አይፈልጉ፣ ካርድ አይበሉ፤ ከስልክ ወደ ስልክ ነው። «ስልካችሁ ከናንተ ይሻላል» እላቸዋለሁ። እታለም ትስቃለች፣ እምነት አትስቅም።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል የእምነት ሱቅ ሳይከፈት ዋለ። እታለም የተዘጋውን በር እያየች በስልኳ ብሉቱዝ ትፈልጋታለች። ስልኩ የተራውን ነጋዴ ስም ሁሉ ይደረድራል፤ የእምነት የለም።

«ደውይላታ!» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

በማግስቱም አልተከፈተም። እታለም ሱቋን ቆልፋ መጣች።

«ጋሼ ውብሸት፣ ቤቷን ያውቁታል?»

እህት የእህቷን ቤት ከልብስ ሰፊ ትጠይቅ? መቀሴን አስቀምጬ ተነሳሁ። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ይዣት ሄድኩ።

እምነትን ታይፎይድ ጥሏታል። ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። እታለም ደጃፉ ላይ ተገትራ ቀረች። እኔ ላስታርቅ አፌን ስከፍት እምነት ቀደመችኝ።

«እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

ከሰላምታ በፊት ይህንን ጠየቀች። እኔ ብሆን «ስምሽን እየጠራች ነው ያረፈችው» ብዬ አሳምረው ነበር። እታለም ግን ማሳመር አታውቅም።

«አልጠራችሽም። ውሃ ስጪኝ አለችኝ፣ ጠጣችና ተኛች። በቃ።»

እምነት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«እየጠራችኝ የሞተች ነበር የሚመስለኝ» አለች። «ሁልጊዜ።»

እታለም ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ አጠገቧ ወጣች። እኔ ወጥቼ በሩን ገርበብ አደረግኩት።